በሩ ተዘግቶ ሳለ

አንባቢዬ ሆይ! ዛሬ ስለ ፍርሃት እንነጋገራለን። «እኔ ፈሪ አይደለሁም» ብለህ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩል። ፍርሃት ሁልጊዜ ጉልበት በማንቀጥቀጥ አይገለጥም። ተማሪው ፈተና ሲቃረብ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ጸሓፊው አለቃው ገና በኮሪደሩ ሲያስል ወረቀቱን ሲያገላብጥ፣ አዲሱ ተቀጣሪ ትክክል አለመሆኑን እያወቀ ሲፈርም፣ እናት ልጅዋ ሲያመሽባት በር በሩን ስታይ፣ ይህ ሁሉ ፍርሃት ነው። አንዱ በሳቅና በጨዋታ ይሸፍነዋል፤ ሌላው በመጠጥ፤ ሌላውም እንደ እኔ በዝምታ። ከፍርሃት ጨርሶ የዳነ ሰው ግን ጥቂት ነው።

የማስተምርባት ከተማ መካነ ሰላም ትባላለች። በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ወረዳ፣ ከዓባይ ሸለቆ በላይ በደጋው ላይ የተቀመጠች ናት። የስምዋ ትርጉም የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ነገር ግን ስም ብቻውን ሰላም አይሰጥም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የሰላም ስፍራ በሚል ስም ውስጥ የምንኖር ሰዎች በጊዜ በር ቀርቅረን፣ መብራት አጥፍተን፣ ውሻ በጮኸ ቍጥር ትንፋሻችንን ዋጥ እያደረግን አድረናል። ከዚያም ወዲህ ቢሆን የዚህ አገር ሰው ከስጋት ያረፈበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

ስጋቱ የጠመንጃ ብቻም አይደለም። በክፍሌ ውስጥ ፊት ለፊቴ የሚቀመጡት ልጆች ሌላ ፍርሃት አለባቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በሚከተለው ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆኑ። ይህን ቍጥር የሰማ ልጅ መጽሐፍ ሲገልጥ የሚያየው ፊደል ብቻ አይደለም፤ በልጁ ተስፋ አድርጎ በሬውን የሸጠ አባቱን ጭምር ያያል።

እንግዲህ ፍርሃታችንን እስቲ አብረን እንመርምረው። አለቃህን ለምን ትፈራዋለህ? ከሥራ እንዳያስወጣኝ ትላለህ። ከሥራ ብትወጣስ? ደመወዜ ይቋረጣል። ቢቋረጥስ? ቤተ ሰቤ ይራባል። ቢራብስ? እዚህ ላይ ዝም ትላለህ። ረኃብ በወሎ የንግግር ማሳመሪያ አይደለምና፤ የ1966ንና የ1977ን ዘመን ያዩ ሰዎች ዛሬም ከእኛ ጋር ይኖራሉ። የፍርሃት ሰንሰለት በመጀመሪያው ቀለበት ላይ ትንሽና የሚያሳፍር ይመስላል። እየሳብህ ብትሄድ ግን በመጨረሻው ቀለበት ላይ የምታገኘው ሞትን ነው። ትናንሾቹ ፍርሃቶች ሁሉ ጉልበታቸውን የሚበደሩት ከእርሱ ነው። ስለዚህ ትናንሾቹን አንድ በአንድ ለማባረር የሚደክም ሰው ምንጩን ሳያደርቅ ጐርፉን በባልዲ እንደሚቀዳ ነው።

ይህን የጥንት ሰዎችም አውቀውታል። ክርስቶስ ከመወለዱ 300 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በአቴና ያስተምር የነበረው ፈላስፋ ኤፒኩሮስ፣ እኛ ባለንበት ሞት የለም፣ ሞትም ሲመጣ እኛ አንኖርም፤ ስለዚህ የማይገናኙንን ነገር መፍራት ከንቱ ነው ብሎ አስተማረ። ተማሪ ሳለሁ ይህን ባነበብሁ ጊዜ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ብልህ ነገር ነው። ነገር ግን ልጅዋን ከቀበረች እናት ዘንድ ሄደህ ይህን ልትነግራት ትችላለህን? አትችልም። የምትፈራው የራስዋን አለመኖር ሳይሆን የልጅዋን አለመኖር ነውና፤ ደግሞም ተገናኝታዋለች። ስለ ሞት በሚገባ ማሰብ ጭንቅላትን ያሳርፍ ይሆናል። ልብ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሞትን ያሸነፈ አለን? ብሎ ነው የሚጠይቀው።

የክርስትና እምነት መልሱን የሚጀምረው በፈሪዎች ታሪክ ነው። ይህን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። ጌታ በተነሣበት በዚያ እሑድ ምሽት ደቀ መዛሙርቱ የነበሩት በአደባባይ ሳይሆን በተቈለፈ ቤት ውስጥ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ምክንያቱን አልሸሸገም፤ ስለ ፈሩ ነው ይላል። ከሦስት ቀን በፊት ጴጥሮስ በእሳት ዳር ከአንዲት ገረድ ጥያቄ የተነሣ ጌታውን አላውቀውም ብሏል። ሌሎቹም ሸሽተዋል። እነዚህ የእምነት አባቶቻችን በዚያች ሌሊት የእኛው ዓይነት ሰዎች ነበሩ።

ታዲያ በሩ እንደ ተዘጋ ጌታ በመካከላቸው ቆመ። የሸሹትን አልወቀሰም፤ የካዱትንም አልዘለፈም፤ የመጀመሪያው ቃሉ የሰላም ቃል ነበረ። ቀጥሎም እጁንና ጎኑን አሳያቸው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር አስብ! ከመቃብር የተነሣው ጌታ ቍስሉን አልደበቀም። የሰጣቸውም ሰላም መከራን የማያውቅ ሰው ሰላም ሳይሆን ተቸንክሮ፣ ተወግቶ፣ ተቀብሮ በማዶ በኩል የወጣ ሰው ሰላም ነው። ደግሞም በማግስቱ ጲላጦስ በመንበሩ ላይ ነበረ፤ ጭፍሮቹም በከተማው ውስጥ ነበሩ። በውጭ የተለወጠ ነገር አልነበረም። የተለወጠው በውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው።

እነርሱም ቢሆኑ በአንድ ቀን አልተለወጡም። ቶማስ ያልነበረበትን ያን እሑድ ካለፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ እኛ ዳግም ትንሣኤ ብለን በምናከብረው ዕለት፣ ጌታ ሁለተኛ ሲመጣ በሩ እንደገና ተዘግቶ ነበር። በዓይናቸው አይተውት፣ ድምፁን ሰምተውት፣ ከሳምንት በኋላም ይቈልፉ ነበር ማለት ነው! እኔ ይህን ክፍል ሳነብ እጽናናለሁ። ባመንሁ ማግስት ፍርሃቴ ካልለቀቀኝ እምነቴ ሐሰት ነው ማለት አይደለምና። ጌታ በተዘጋው በር አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ገብቷል።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርህ። የምነግርህ ስለምኮራበት አይደለም።

ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት፣ አንዲት ተማሪ ፈተና ሰርቃ አውጥታለች ተብላ ተከሰሰች። እኔ ልጅቱ እንዳላደረገችው አውቅ ነበር፤ ወረቀቱ ጠፋ በተባለበት ሰዓት ከእኔ ዘንድ ሆና የቤት ሥራ ስታሳርም ነበረና። ጉዳዩ በመምህራን ስብሰባ ላይ ቀረበ። ሰብሳቢው ተቈጥተው ነበር፤ ውሳኔውንም አስቀድመው የወሰኑ ይመስሉ ነበር። እኔ ገና የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስሁ ተቀጣሪ ነበርሁ። እጄን ላነሣ አሰብሁ። ከዚያም የቤት ኪራዬን አሰብሁ፤ ለእናቴ በየወሩ የምልከውን ብር አሰብሁ። እጄም ከጠረጴዛው ሥር ቀረች። ልጅቱ ከትምህርት ገበታ እንድትታገድ ተወሰነ። ስብሰባው ሲያበቃ ሻይ ተጠጣ። እኔም ጠጣሁ።

ይህ የሆነው በዐቢይ ጾም ነው። ለቀሩት ሳምንታት ቅዳሴ እየሄድሁ መቆም አቃተኝ። በስቅለት ዕለት ከሕዝቡ ጋር ስሰግድ ውዬ ጉልበቴ እስኪዝል ድረስ ደከምሁ፤ ልቤ ግን አልቀለለም። በማግስቱ፣ በቀዳም ሥዑር፣ በገጠር ወደምትኖረው ወደ አያቴ ቤት ሄድሁ።

አያቴ ካህናቱ ያደሉትን ቄጤማ በራስዋ ላይ አስራ በደጅ ተቀምጣለች። ቄጤማው በኖኅ ዘመን ርግብዋ ለምለም ቅጠል ይዛ የጥፋት ውሃ መጕደሉን ያበሠረችበት ምሳሌ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በአጥሩ ላይ ደግሞ አንድ ነጭ አቡጀዲ ተሰጥቷል። ምን እንደ ሆነ አውቀዋለሁ። መግነዝዋ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በገዛ ገንዘብዋ ገዝታ በሣጥን አስቀምጣዋለች፤ በየዓመቱም የፋሲካ ዋዜማ አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች። በልጅነቴ በዚያ አጥር አጠገብ ለማለፍ እፈራ ነበር።

«እማማ፣ በበዓል ዋዜማ ይህን ምን አወጣው?» አልኋት።

«ብል እንዳይበላው ነዋ» አለችኝ። ቀጥላም ዓይን ዓይኔን አይታ «ምን ሆነሃል አንተ? ከስተሃል» አለች።

የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። ሳትቈጣ አዳመጠችኝ። ከዚያም ወደ አጥሩ እያመለከተች እንዲህ አለች፦ «የኔ ልጅ፣ ያን ጨርቅ አንድ ቀን እለብሰዋለሁ። ግን ለብሼው አልቀርም። ጌታ የእሱን መግነዝ እዚያው መቃብሩ ውስጥ ትቶት ወጥቶ የለም? እኔም የኔን ትቼው እወጣለሁ። ይህን እያየሁ ነው ከሹምም ከዳኛም ፊት የቆምሁ። አንተን ግን ሳንቲም አስፈራችህ።»

ሌላ ነገር አልተናገረችም። ወደ ጓዳ ገብታ የዶሮውን ሽንኩርት መክተፍ ቀጠለች።

አንባቢዬ፣ እኔ ስለ ትንሣኤ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ በፈተናም ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ያን ዕለት ግን ማመንና ማወቅ ምን ያህል እንደሚራራቁ አየሁ። እኔ ትንሣኤን የማውቀው እንደ መልስ ነበር። አያቴ ግን በአጥርዋ ላይ አስጥታዋለች።

ከበዓል በኋላ ወደ ሰብሳቢው ቢሮ ሄድሁ። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ በሩን ሳንኳኳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የማውቀውን በጽሑፍ አቀረብሁ። ተቈጡኝ፤ እስከ ዛሬ የት ነበርህ አሉኝ፤ ለዚህም መልስ አልነበረኝም። ጉዳዩ እንደገና ታየ፤ ልጅቱም ተመለሰች። ነገር ግን ያለፉዋት ፈተናዎች አልተመለሱላትም። በተመለሰች ቀን ልታመሰግነኝ መጣችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «መምህር፣ ያን ዕለትም ያውቁ ነበር?» አዎን አልኋት። ዐንገትዋን ደፍታ ሄደች። ከሥራ አልተባረርሁም፤ የፈራሁት ነገር አልደረሰብኝም። ይህች ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አብራኝ አለች።

ስለዚህ በወሎ ሳለሁ የአንድ አባት ታሪክ ሁልጊዜ ይታየኛል። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ፤ ሀገረ ስብከታቸውም ወሎን የሚያጠቃልል ነበረ። ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ሆኑ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ያደረጉት ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ተያዙ። አርበኞችን እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ። ሊናገሩት የሚገባቸው አንድ ቃል ብቻ ነበረ፤ ቢናገሩት ሕይወታቸው በተረፈ ነበር። እምቢ አሉ፤ ሕዝቡንም እንዳይገዛ አወገዙ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ዛሬ በስማቸው በሚጠራው አደባባይ የቆመው ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ሐውልት ሊነሣና ሊመለስ ይችላል። በዚያች ሰዓት ያሳዩትን ጽናት ግን ማንም ከቦታው አላነሣውም። እርሳቸው እንደ ማንኛችንም ሥጋ የለበሱ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ሞት የመጨረሻው ቃል አለመሆኑን ስላመኑ ያችን አንዲት ቃል እምቢ ለማለት ቻሉ።

ይህ የቀድሞ ዘመን ነገር ነው ትል ይሆናል። አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ 11 ቀን፣ ልክ በዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ በሊቢያ አሸባሪዎች ሠላሳ ያህል ክርስቲያኖችን ስለ እምነታቸው ሲገድሉ የሚያሳይ ፊልም ለዓለም ተሰራጨ። እነዚህ ሰዎች ጳጳሳት ወይም ሊቃውንት አልነበሩም። እንጀራ ፍለጋ በረሃ የገቡ፣ የአንተና የእኔ ዕድሜ ያላቸው ወጣቶች ነበሩባቸው። ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታት ብላ ተቀበለቻቸው። እናቶቻቸው ግን አለቀሱ፤ አገሩም ሁሉ አለቀሰ፤ ማልቀሳቸውም ትክክል ነበረ። ጌታ ራሱ ሊያስነሣው ባለው በአልዓዛር መቃብር ፊት አልቅሷልና። የትንሣኤ እምነት እንባን አይከለክልም። የሚከለክለው እንባው መጨረሻ የለውም ማለትን ነው።

ምናልባት «የእኔ ፍርሃት እንዲህ ያለ ትልቅ አይደለም፤ ሌሊት ብቻዬን ስሆን የሚመጣብኝ ጭንቀት ነው» ትለኝ ይሆናል። ስለ ሌሊት ጭንቀትም ከዚሁ ከደጋችን መልስ አለ። በዚሁ በቦረና ምድር የሚገኘው የጋስጫ ገዳም የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ገዳም ነው። እኒህ አባት ከዛሬ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፉ ታላቅ ሊቅ ናቸው። ገድላቸው እንደሚናገረው ግን በልጅነታቸው በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት አልገባ ብሏቸው ለብዙ ዓመት ተቸግረው ነበር፤ በጓደኞቻቸው ፊት አፍረው፣ እህል እየፈጩ፣ እያለቀሱም ይጸልዩ ነበር። ፈተና የጣለህ ተማሪ ሆይ፣ ይህን አትርሳ! እኒህ ሰው ናቸው ኋላ ለቤተ ክርስቲያን መጽሐፈ ሰዓታትን ያዘጋጁላት፤ ይኸውም የቀኑና የሌሊቱ ሰዓት ሁሉ የየራሱ ጸሎት እንዲኖረው ነው። ፍርሃት የሚወደውን ሰዓት፣ ሰው ብቻውን የሚነቃበትን ጨለማ፣ ባዶ አልተዉለትም። ሥራ ሰጡት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ ነገር ግን ከወደቅሁበት ቦታ የተማርሁትን ሦስት ነገር ልንገርህ።

አንደኛ፣ ፍርሃትህን በስሙ ጥራው። «ሁኔታው አይፈቅድም»፣ «ጊዜው አይደለም»፣ «እኔን አይመለከተኝም» የሚሉት ቃላት ብዙ ጊዜ የፍርሃት ካባ ናቸው። ካባውን አውልቀህ «ፈርቻለሁ» በል። ደቀ መዛሙርቱ በሩን የዘጉት ስለ ፈሩ ነው ተብሎ ተጽፎላቸዋል፤ አላሳፈራቸውም።

ሁለተኛ፣ ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻው ቀለበት ሳበው፤ በዚያም ላይ ባዶውን መቃብር አስብ። ትንሣኤ ፈተናህን አያልፍልህም፤ ዕድገትም አያሰጥህም፤ ጥይትም ላይመልስልህ ይችላል። ይህን ሁሉ ይሰጥሃል ብሎ የሚሰብክልህ ሰው ቢኖር አትመነው። የሚሰጥህ ነገር ቢኖር ከዚህ ሁሉ ማንኛውም ቢቀርብህ አንተ እንደማትጠፋ ነው። ውጤቱ ካንተ ማንነት ጋር አንድ እንዳልሆነ ያወቀ ተማሪ ደግሞ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ይጽፋል።

ሦስተኛ፣ እየፈራህም ቢሆን ትክክለኛውን ትንሽ ነገር ዛሬ አድርግ። ድፍረት አስቀድሞ መጥቶ ሥራ አይከተለውም፤ ብዙ ጊዜ ሥራው ቀድሞ ድፍረቱ ኋላ ይደርሳል። ሰላምም እንዲሁ ነው። እኔ ዝም ባልሁባቸው ሳምንታት ማንም አልነካኝም፤ ሰላም ግን አልነበረኝም። በተቈጡኝ ቀን ማታ ግን ተኛሁ።

በመጨረሻም ስለ አንዲት የአገራችን ቃል ልንገርህ። በወሎ ሰው ሲጨነቅ፣ ሲታመም፣ ሲያዝን ጎረቤቱ «አብሽር» ይለዋል። ክርስቲያኑም ይላል፤ ሙስሊሙም ይላል። በዚያ ክፉ ጥቅምትም በራችንን አንኳኩተው «አብሽሩ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም» ያሉን ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የምሥራች ተቀበል፣ ደስ ይበልህ ማለት ነው። ወንጌል የሚለውም ቃል ትርጉሙ የምሥራች ነው። ስለዚህ አያቶቻችን ለፈራ ሰው የሚሰጡት መድኃኒት ዜና መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ «አትፍራ» ብቻ ብለው አይተዉትም፤ የምትሰማው መልካም ወሬ አለ ይሉታል።

ያ ወሬ ይህ ነው፦ መቃብሩ ባዶ ነው፤ መግነዙም በውስጡ ቀርቷል። አንባቢዬ ሆይ፣ ዛሬ ማታ በርህን ስትዘጋ ይህን አስብ። ቈልፈው፤ ጊዜው ያስቈልፋልና። ነገር ግን በተዘጋ በር የሚገባ ጌታ እንዳለ አትዘንጋ። ነገም ከጠረጴዛው ሥር የቀረችውን እጅህን አንሣ።

አብሽር!